ሁለት መቀመጫ ለሰፊው ሕዝብ

ሰኔ 24 ቀን 1971፣ ላሊበላ

ትናንት ወንድሜን አሰሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካድሬያችን ጓድ ጋሻዬ በአዳራሹ ስለ ሕዝብ ንብረት አያያዝ ማስተማር ከጀመሩ ሦስት ሰዓት ሆኗቸዋል። ከተወረሰው ንብረት ሁሉ አብልጠው ያነሡት ቀይቱን ነው። ቀይቱ የደጃዝማቹ ልጅ ከውጭ ያስመጣት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ የእሽቅድድም መኪና ናት። እኔ ምናለ፣ ሾፌሯም መካኒኳም ሆኜ አሥር ዓመት ይዣታለሁ። «ይህች መኪና ትናንት የአንድ ፊውዳል መጫወቻ ነበረች፤ ዛሬ ግን የሰፊው ሕዝብ ናት!» አሉ ጓድ ጋሻዬ። ተጨበጨበ። ጭብጨባው በረድ ሲል ከጎኔ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሜ አረጋ ክትክት ብሎ ሳቀ። የብልባላ ገበሬ ማኅበር ተወካይ ሆኖ ነው የመጣው። የሳቀው ብቻውን ነበር።

«ምን አሳቀህ፣ ጓድ ገበሬ?»

አረጋ ጋቢውን አደላድሎ ተነሣ። «የሰፊው ሕዝብ መኪና ያላት መቀመጫ ሁለት ነው። ሌላው ሕዝብ የት ይቀመጥ? ብዬ ነው» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ደግሞ ማንም እንዳልሳቀ ሆነ። አረጋን ሁለት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ይዘው ወጡ።

ቀልዱን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም። ይህ ደግ ነው። አረጋ ድሮም ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰው በስተርጅና ይለወጣል መሰል።

ይህን ደብተር ከቀይቱ መቀመጫ ሥር ነው የማስቀምጠው። የሕዝብ ንብረት ስለሆነች ማንም አይፈትሻትም።

ሰኔ 26

ጓድ ጋሻዬ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት ስልክ ተደርድሯል፤ መስመር የገባለት አንድም የለም።

«ቀይቱ ለምንድን ነው የማትነሣው?»

ነገርኳቸው። ጣጣው ፑንቲና ነው። እየተገናኙና እየተለያዩ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚልኩ ሁለት ጥቃቅን ብረቶች ናቸው። ከአብዮቱ ወዲህ አዲስ መጥቶልኝ አያውቅም። ያሉትን በክብሪት ቀፎ ጎን እየሞረድኩ አምስት ዓመት አደረስኳቸው፤ አሁን የቀረው ስማቸው ብቻ ነው።

«አንዴ ይገናኛሉ፣ አንዴ ይለያያሉ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ወላዋዮች ናቸው ማለት ነዋ» አሉና ጻፉት።

ከዚያ ብዕራቸውን አስቀምጠው ቁም ነገሩን ነገሩኝ። በጥቅምት አየር ማረፊያው ሜዳ ሲደርቅ ከወንድም ሶሻሊስት አገር ታላቅ እንግዳ ይመጣል። ወደ ከተማ የሚገባው በቀይቱ ነው። «እንግዳውን ይዛ በገባች ዕለት ወንድምህ ይወጣል። ካልገባች ግን…» አሉኝ።

ያቺን «ግን» አልጨረሷትም። እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ሰኔ 30፣ ቅዳሜ

የአረጋ ሚስት ሸጌ ከብልባላ በእግሯ መጣች። በሶና ድፎ ዳቦ ይዛለታለች። ጥበቃው አባስ ዳቦውን ሁለት ቦታ ወግቶ ፈተሸና አስገባላት። ከዚያ እኔ ጋ መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች።

«ኧረ ምናለ፣ ከጎኑ ነበርክ አሉ። ምን ነካው? ሃያ ዓመት ስንኖር አንድ ቀን አስቆኝ የማያውቅ ሰው!»

«እንጃ» አልኳት።

«ይህን ያስተማረው ሰው አለ። ብቻ ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር የእጁን ይስጠው!»

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

በሬዎቹ ያለ ሥራ ቆመዋል አለችኝ። ጎረቤት በወንፈል አንድ ቀን አርሶላታል፤ የቀረው መሬት ዝናብ እየጠጣ ነው። ጤፉ በጊዜው ካልተዘራ የሚቀጥለው ዓመት ረሃብ ነው።

ሐምሌ 8

ሞረድኩ። እንቢ። እንደገና ሞረድኩ። ሳል ሳል አላትና ተነሣች፤ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ቀጥ። አራት ቄሶች ገፍተው መለሱልኝ። አንደኛው ላባቸውን እየጠረጉ «ልጄ፣ እግር ይሻልሃል» አሉኝ።

ሐምሌ 11

በጓድ ጋሻዬ ትእዛዝ ቀይቱ ላይ መፈክር ተጻፈ። መፈክሩ «ሁሉም ነገር ለሰፊው ሕዝብ» ነበር። የመኪናዋ በር ትንሽ ሆነበትና ሠዓሊው «ሁሉም ነገር» የሚለውን በግራ በር፣ «ለሰፊው ሕዝብ» የሚለውን በቀኝ በር ጻፈው። ሾፌሩ በሚገባበት በኩል ለቆመ ሰው የሚታየው «ሁሉም ነገር» ብቻ ነው። ቀለም ተቀብታ ቀይ ትሁን የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ቀይነቷ ከአብዮቱ በአምስት ዓመት እንደሚቀድም ለማስረዳት ፈልጌ ተውኩት።

ሐምሌ 17

ሳጥን መጣ!

ጓድ ጋሻዬ አዲስ አበባ ላሉ ጓዶቻቸው ጽፈው ኖሮ፣ ከወንድም አገር የተላከ ዕቃ በወልድያ በኩል በበቅሎ ደረሰ። የሲጋራ ፓኮ የሚያህል ጥቁር ሳጥን፣ ሦስት ሽቦ፣ አንዲት ክብ ብረትና አንድ ወረቀት ነው። ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይሉታል። ፑንቲና የሚባል ነገር የለውም። የሚነካካ፣ የሚቃጠል፣ የሚሞረድ የለም፤ ሳጥኑ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ እሳቱን ይልካል። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሰምቼ ነበር እንጂ አይቼ አላውቅም። ወንድም ታስሮ ደስ መሰኘት ነውር ነው፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

ወረቀቱ በሁለት ቋንቋ ነው። አንደኛውን እዚህ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ መምህር ምስጋኑ እንዲተረጉመው ታዘዘ። ምስጋኑ ጠንቃቃ ሰው ነው። የእጅ ሰዓቱን እንኳ የሚሞላው በውጭ አገር ራዲዮ ነው፤ ለማንም እንዳትናገር ብሎኛል።

ሐምሌ 19

ኮሚቴው በሳጥኑ ጉዳይ ከጠዋት እስከ ምሳ ተወያየ። አንዱ «ራዲዮ ቢሆንስ?» አለ። ሌላው ተነሥቶ «ነገር ከነገር ሳይነካካ እሳት ይመጣል ማለት ሃይማኖታዊ አስተሳሰብ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ እንዳስረዳ ተጠርቼ ነበር፤ ሳልጠየቅ ተመለስኩ። በአምስት ድምፅ ለሁለት «ሳጥኑ ሳይንሳዊ ነው» ተብሎ ተወሰነ።

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ሸጌ። በሶ። ዝናብ። «አሁንስ ከስቷል» አለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ ፊቴን ሞተሩ ውስጥ ቀብሬ ዋልኩ። ባለቤቴ የሺሃረግ «መኪናው ቆሟል፣ አንተ ምን ትነካካለህ?» አለችኝ። ሴት ልጅ ብዙ ታያለች።

ነሐሴ 9

ፍልሰታ ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። በጾም ወተት መቅመሴን፣ የደጃዝማቹ ልጅ ጋራዥ ውስጥ የረሳውን ካቻቪቴ ለራሴ ማስቀረቴን፣ የሺሃረግን መቆጣቴን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ሌላስ፣ ልጄ?»

«ሌላ የለም፣ አባ።»

«ለወንድምህስ ትጸልያለህ?»

«እጸልያለሁ።»

ሠላሳ ስግደት ሰጡኝ። ስልሳ ሰገድኩ።

ነሐሴ 18

የምስጋኑ ትርጉም ደረሰ፤ ንጹሕ ጽሕፈት፣ ማኅተም ያለበት። ካነበብኩት ነገር አንዱ ግራ አጋባኝ።

ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየዞረች እሳቱን ለየካንዴላው የምታድል ጣት አለች። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያው ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ጣቷ ሰባት ሰዓት ላይ ማመልከት አለባት።» የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ሰባት ከታች በግራ ነው። እኔ ግን ያኔ መኪናዋ ስትመጣ፣ ጣቷ የምትቆምበትን ቦታ በሚስማር ጭሬ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ጭረቱ ከላይ በቀኝ፣ ልክ አንድ ቁጥር ላይ ነው። ፊትና ጀርባ ማለት ነው።

ጓድ ጋሻዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ጭረቱ መቼ የተጫረ ነው?»

«በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጓድ።»

«በማን ዘመን ነበር ስድሳ አንድ?»

«በድሮው መንግሥት፣ ጓድ።»

«እንግዲያው የፊውዳል ጭረት ነው። ሳይንሱ ያለህን ፈጽም።»

ፈጸምኩ። ጣቷን ሰባት ላይ አቆምኩና አጠበቅሁ። በዚያ በሰኔው ስብሰባ አፉን የዘጋ ሰው ስለ አንዲት ጭረት ምን ብሎ ይከራከራል?

ነሐሴ 23

ነገ በኮሚቴው ፊት ሙከራ ነው። ባንዲራ ተሰቅሏል።

ጳጉሜን 1

ሳምንት ያህል ደብተሬን አልነካሁም፤ እስር ቤት ነበርኩ። አሁን ልጻፈው።

በነሐሴ 24 ጠዋት ኮሚቴው በግቢው ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። ጓድ ጋሻዬ ስለ ቴክኒክና ስለ መደብ ትግል ንግግር አደረጉ። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። ቀይቱ አንዴ አነጠሰች። ደግሜ አዞርኩ። ጧ! አለች፤ በካርቡራተሩ በኩል እሳት ተፋች። አባስ ደንግጦ ተኮሰና የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን በርሜል በሳው። የኮሚቴው አባላት ሁሉ ጭቃው ላይ ተዘረሩ። ጓድ ጋሻዬ የተገኙት ከጠረጴዛው ሥር ነው። ቃለ ጉባኤው «ጓድ ጋሻዬ ስልታዊ ማፈግፈግ አደረጉ» ይላል፤ ራሴ አንብቤዋለሁ።

እኔን «አሻጥረኛ» ብለው ከወንድሜ ጋር አሰሩኝ።

እስር ቤቱ የደጃዝማቹ የእህል ጎተራ ነበር። አረጋ ጥግ ላይ ተጠግቶ ቦታ ሰጠኝ። «መጣህ?» አለ። «መጣሁ» አልኩ። ዳቦውን ገመሰልኝ። አጥንቱ ወጥቷል፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ልናገር አፌን ስከፍት «ብላ» አለኝ።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። እስረኞቹ አረጋን «በቀልድ የታሰረው ሰውዬ» ነው የሚሉት። ሲመሽ ሲመሽ «ኧረ አያ አረጋ፣ አንድ ጣሉብን» ይሉታል። እሱ ግን ቀልድ የለውም። ሁለት ወር ሙሉ ያቺኑ የሁለት መቀመጫዋን ሲደግምላቸው ከርሟል። መሳቅ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ግን ይጠይቁታል፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይደግምላቸዋል። እናም በሁለተኛው ቀን ስለ ስልታዊው ማፈግፈግ አንድ ነገር በጆሮው ሹክ አልኩት። አረጋ ጮክ ብሎ ተናገረው። ጎተራው በሳቅ ተናወጠ። ሌላ ሹክ አልኩት። እሱንም ተናገረ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ። ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ዕለት መምህር ምስጋኑ ሊጠይቀን መጣ። በትርጉሙ የተነሣ እሱም ይወሰድ ይሆናል ብሎ ሲፈራ ነው የሰነበተው። ሲቀመጥ እጅጌውን ገለጥ አድርጎ ሰዓቱን አየና «ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ብዙ አልቆይም» አለ። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ አረፈ። አጭሯ ጣት የቆመችው አንድ ቁጥር ላይ ነው።

«ምስጋኑ» አልኩ። «ያ የእንግሊዝኛው ወረቀት ሰባት ነው የሚለው?»

«የለም፣ አንድ ሰዓት ነው የሚለው። የፈረንጅ አንድ ሰዓት የእኛ ሰባት ሰዓት አይደል? በትክክል ተርጉሜዋለሁ።»

በትክክል ተርጉሞታል! ማንም የተማረ ሰው እንዲሁ ነው የሚተረጉመው። ብቻ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ጊዜ አልነበረም፤ በሰዓቱ ፊት ላይ ስላለው ቁጥር ነበር። የእሱ ሰዓት በፈረንጅ የተሞላ፣ የእኔ በሐበሻ። ቀይቱ በመሀል ጀርባዋን ዞራ እሳት ተፋችብን። የሚስማር ጭረቴ ልክ ነበረች። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ አረጋ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ነገሩን ለኮሚቴው አስረዳሁ፤ ሦስት ቀን መርምሮ ለቀቀኝ። አረጋን አይደለም። በውሳኔው ላይ «ስሕተቱ የኢምፔሪያሊስት ሰዓት ያስከተለው ነው» ተብሏል።

ጳጉሜን 3

ጣቷን ጭረቴ ላይ መለስኳት። ቁልፉን ገና ሳዞረው ተነሣች። ሳል የለ፣ ማነጠስ የለ። እንዲህ ለስልሳ ተሰምታኝ አታውቅም፤ አዲስ በነበረች ጊዜም እንኳ። ብቻዬን «እሰይ የኔ እመቤት!» ብዬ ጮኽኩ። ወዲያው አረጋ ትዝ አለኝና አጠፋኋት።

መስከረም 5

ቀይቱ በየቀኑ ትነሣለች። ጓድ ጋሻዬን አሁን ወንድሜን ቢለቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ውላችን በእንግዳው ነው» አሉ። ሸጌ ጤፉን ግማሽ ዘርታለች። ግማሹ መሬት ጦሙን አደረ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

አውሮፕላኑ በጠዋት ወረደ። ሜዳው ላይ ሕዝቡ ተሰልፏል፤ ቄሶቹም ጃንጥላቸውን ይዘው በመጨረሻ ረድፍ እንዲቆሙ ተደርገዋል። እንግዳው ቁመተ ረዥም፣ ፊቱ ቀላ ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው። አስተርጓሚ አብሮት አለ። ጓድ ጋሻዬ በአበባ ጉንጉን ተቀበሉት፤ ወደ ቀይቱም መሩት። እንግዳው ሲያያት በፉጨት አደነቃትና ዘሎ ገባ።

ያኔ ነው ጓድ ጋሻዬ የቆሙት። መኪናዋን አዩ። በመሪው በኩል እኔ አለሁ። በወዲያ በኩል እንግዳው አለ። እሳቸው ደግሞ መንዳት አይችሉም። ሦስት ወር ተኩል ሙሉ ኮሚቴው ስለ ሳጥኑ፣ ስለ መፈክሩ፣ ስለ ሰዓቱ ሲወያይ ይህን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። አበባቸውን እንደ ያዙ በሩ ላይ ተገተሩ። በሩ ላይ «ለሰፊው ሕዝብ» ይላል።

እንግዳው ጽሑፉን አስነበበና አንድ ነገር ብሎ በሳቅ ፈነዳ። አስተርጓሚው ተረጎመ፦ «የሰፊው ሕዝብ መኪና ከሆነች፣ ያላት መቀመጫ ሁለት ነው፤ ሌላው ሕዝብ የት ይቀመጣል? ይላሉ።»

አባስ ጠመንጃውን ጨበጠ። ሁላችንም ጓድ ጋሻዬን አየናቸው። ጓድ ጋሻዬ ጥቂት አሰቡና ሳቁ። ከዚያ አጨበጨቡ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ።

እኔ ደሜ ፈላ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ጌታዬ፣ ይህንኑ ያለ ገበሬ እኛም ዘንድ አለ» አልኩ። ተተረጎመለት። እንግዳው በጣም ደስ አለውና ላየው ይገባል አለ፤ የት ነው ያለው?

«ትምህርት ላይ ነው» አሉ ጓድ ጋሻዬ። አስተርጓሚውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ዛሬ ይመረቃል።»

ቀይቱ እንደ ውሃ ፈሰሰች። የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ አንድም ጊዜ አልተንተፋተፈችም። ጓድ ጋሻዬና አስተርጓሚው በበቅሎ ከኋላችን መጡ።

ከተማ ገብተን ጥቂት እንደ ቆየን እነ ጓድ ጋሻዬ ደረሱ፤ አረጋንም አጥበው፣ የአባስን ኮት አልብሰው አደባባይ አቆሙት። ኮቱ ሰፍቶታል። እንግዳው እጁን ጨበጠው፤ የራሱን የእጅ ሰዓት ፈትቶ ክንዱ ላይ አሰረለት። ፎቶግራፍ ተነሡ። ጓድ ጋሻዬም ለመዝገብ እንዲሆን ጮክ ብለው ጠየቁ፦ «ጓድ አረጋ፣ ቀልዱ የራስህ ፈጠራ ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልጽፍ ነው። አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልኩት ሰውዬ፣ ሰዓት ሲሸለም፣ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብ «የኔ ናት» ልል ከንፈሬን አላቀቅሁ። አረጋ ወደ እኔ አልዞረም።

«የኔ ናት» አለ። «አሥራ ስድስት ሳምንት ከፍዬባታለሁ።»

ተተረጎመ። ሁሉም ሳቀ።

ጥቅምት 11

ትናንት የደከመኝን ዛሬ ልጨርስ።

ወደ ማታ ጓድ ጋሻዬን አስፈቅጄ አረጋን በቀይቱ ወደ ብልባላ ሸኘሁት፤ መኪና የሚያስኬደው መንገድ እስኪያልቅ ድረስ። እዚያ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረደም። ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ስንት ይላል ይህ?»

«አምስት ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

«ይህም እንዳንተ ነዋ» አለ። «ሌላ ይላል፣ ሌላ ነው።»

«አያ አረጋ፣ ያኔ በስብሰባው እኔ…»

«አውቃለሁ። በጆሮዬ አይደል የነገርከኝ?» ጋቢውን ሰብስቦ ወረደ። «አንተ ስትታሰር መኪናዋን ማን ይሠራታል ብዬ ነው ዝም ያልኩ። የእኔን በሬ ማንም ይነዳዋል። እዚያ ጎተራ ውስጥ ሹክ ማለቱን ስትደግምብኝ ግን ከፋኝ፣ ወንድሜ። የሚቀጥለውን ራስህ ተናገረው።»

ሄደ። ባልተዘራው መሬት በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ አየውና መንገዱን ቀጠለ።

ቀልዱ የኔ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1971 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በወንድሜ በአረጋ ግራ ጆሮ የተናገርኩት እኔ ምናለ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። አሁን ግን የእሱ ነው፤ ገዝቶታል።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ፣ አዳራሹ ውስጥ

ይህን የምጽፈው ቃለ ጉባኤ የምይዝ መስዬ ነው። ጓድ ጋሻዬ የእንግዳውን ጉብኝት የድል ሪፖርት እያቀረቡ ነው። በመጨረሻም ውሳኔ አነበቡ፦ ከእንግዲህ በከተማው ያለ ሰዓት ሁሉ በአንድ አሞላል ይሞላል፤ የኢምፔሪያሊስት ሰዓት የያዘ ይጠየቃል። ምስጋኑ ሁለት ረድፍ ከፊቴ ተቀምጧል፤ እጅጌውን ወደ ታች እየጎተተ ነው።

ስብሰባው ከተጀመረ ስድስት ሰዓት ሞላው። አንድ ነገር መጣብኝ፦ ሁለቱ ሰዓቶች የሚለያዩት በስድስት ነው፤ በፈረንጁ ከሄድን ስብሰባው ገና አሁን መጀመሩ ነው።

ሳቅ አነቀኝ። ከጎኔ ሸጌ ናት፤ አረጋ ተወካይነቱን እንቢ ስላለ እሷ ነች የመጣችው። «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ወደ ጆሮዋ ዘንበል አልኩ።

ቀልዱን ሳልነግራት ተመልሼ ቀና አልኩ።

ለየሺሃረግ፦ ማታ ካልመጣሁ ደብተሩን ሸጌ ታደርስልሻለች። በሶ ላኪልኝ፤ ዳቦውን አባስ እየወጋ ያበላሸዋል። ቀይቱን ለሌላ ሰው ከሰጧት ጭረቷን እንዳይነካ ንገሪው።

«አስተያየት ያለው?» አሉ ጓድ ጋሻዬ።

እጄን ላወጣ ነው።